ሁለት ዘንባባ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ለዚህ መጽሔት በየቤቱ የቀሩ ወረቀቶችና ፎቶግራፎች እንዲመጡልን በጁሙዓ ዕለት ባስነገርን ጊዜ፣ አንድ የጀመዓችን ሽማግሌ በነጠላ ጫፍ የቋጠሩትን ሜዳይ አመጡልን። የሟቹ አባታቸው ነው። ስም አልተጻፈበትም፤ በጥብጣቡ ላይ ግን ሁለት ትናንሽ ዘንባባዎች አሉ። «አባቴ አምስቱንም ዓመት በዱር ኖረው፣ ከበላይ ዘለቀ ጋር ደብረ ማርቆስን ያስለቀቁ ናቸው» አሉን።

እንደ ሰማነው ብንጽፈው ደስ ባለን ነበር። ነገር ግን በአርበኝነት ሜዳይ ላይ ያለው ዘንባባ በአርበኝነት የዋሉበት ዓመት ቁጥር ነው፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የተዋጋ ባለ አምስት ዘንባባ ይባላል። ሁለት ከሆነ የወጡት በ1931 ዓ.ም. ገደማ መሆን አለበት። ይህን ስንነግራቸው ሽማግሌው ቅር አላቸው። እኛ ግን የሚያሳፍር ነገር አላየንበትም። ጎጃም በሰፊው የተነሣው ጣልያን የሕዝቡን ጠመንጃ መግፈፍ ከያዘ በኋላ፣ በ1930 ዓ.ም. ነው።

የአለቃው ስምም አጠራጠረን። በላይ ዘለቀ (አባ ኮስትር) የተዋጉት በብቸና በኩል ነው። ከደብረ ማርቆስ ጣልያን ለቆ የወጣው ከተማውን ለራስ ኃይሉ ትቶ ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ገቡ። ስለዚህ ሽማግሌውን «አባትዎ ሲያጫውቱ የየትኛውን አገር ስም ያነሡ ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው። ብዙም ሳያስቡ «ፋግታ» አሉ። ፋግታ የደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ሠፈር ነበር። በዚያ ሳይሆን አይቀርም የዘመቱት። በላይ ስሙ ስለ ገነነ ብዙ የጎጃም ቤት አባቱን ከእርሱ ጦር ያስቆጥራል፤ አይፈረድበትም።

ይህን ያህል የደከምንበት ምክንያት አለን። ጣልያን ሙስሊሙን ከክርስቲያኑ ለመለየት መስጊድ አሠርቷል፣ ሑጃጅም በወጪው ልኳል። በዚህም ሰበብ «እስላሙ ከጠላት ጋር ነበር» የሚል ወሬ እስከ ልጆቻችን ደርሷል። ለዚህ ወሬ መልሱ ይህ ሜዳይ ነው፤ መልስ የሚሆነው ግን ታሪኩ ሳይጋነን እንደ ነበረ ሲነገር ነው።

ከድል በኋላስ? በላይ የደጃዝማችነት ማዕረግና የብቸናን ግዛት አግኝተው ነበር፤ ከመንግሥት ጋር ተጣልተው ጥር 4 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀሉ። በቡሬ በኩል የተዋጉት ነጋሽ በዛብህም ቢትወደድ ከተባሉ በኋላ፣ በ1943 ዓ.ም. በንጉሡ ላይ በተጠነሰሰ ሤራ ተይዘው ታሰሩ። የእኛ ሰው ተሹሞ የሚጣላ አልነበሩም። ወደ ሽመናቸው ጉድጓድ ተመለሱ። በዚያ ዘመን በጎጃም ርስት ለሙስሊም የራቀ ነገር ነበር፤ ሸማ መሥራትና ንግድ ነው የቀረለት። ላዳኑት አገር ቁና የሚዘሩበት መሬት አልነበራቸውም።

«አባቴ ስለዚህ አማርረው ያውቁ ነበር?» አልናቸው ሽማግሌውን።

«ሜዳዩን ከመወርወሪያው ጋር በአንድ ሣጥን ነበር የሚያስቀምጡት» አሉ። «የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ሬዲዮ ሰሙ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ‹ለአንተ ይሁንልህ› አሉኝና ወደ ዐስር ሶላት ሄዱ።»