የጥንታዊ ድንጋዮችን መልክዓ ምድር በፎቶግራፍ ስለመቅረጽና ስለማረም፦ ከዳካታ ሸለቆ እስከ አውበሬ

በጅግጅጋ ዙሪያና በሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ከተሞች የሚገኙ የድንጋይ ስፍራዎችን በፎቶግራፍ ለመቅረጽ የሚፈልጉ ዜጎች ስለ ፈቃድ፣ ስለ ቅንብር፣ ከቀረጻ በኋላ ስለሚደረግ እርማትና ስለ ፎቶግራፍ ባለቤትነት ማወቅ የሚገባቸው ጉዳዮች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ስለ ስፍራዎቹ

ከሐረር ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ የባቢሌን ከተማ እንዳለፉ የሚገኘው የዳካታ ሸለቆ «የድንቆች ሸለቆ» በሚል ስያሜም ይታወቃል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደራርበው የቆሙት ግዙፍ የግራናይት ቋጥኞች በሰው እጅ የተካቡ ይመስላሉ፤ ሆኖም የተፈጥሮ ሥራ ናቸው። ዝናብ ከምድር በታች ባለው ዓለት ስንጥቆች እየሰረገ ማዕዘኖቹን ለረጅም ዘመናት ሲያሟሟ ቆይቶ፣ ዙሪያውን የሸፈነው አፈር በጎርፍ ሲታጠብ ክብ ክቡ ዓለት አንዱ በሌላው ላይ እንደተቀመጠ ይቀራል። አንዳንዱ የላይኛው ቋጥኝ ከታችኛው ጋር የሚገናኘው እጅግ በጠበበ ነጥብ ነው።

ከጅግጅጋ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ አውበሬና ወደ ቶጎ ውጫሌ አቅጣጫ ያለው አካባቢ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቅርስ አለው። በወሰን ኮሚሽን ያገለገለው ብሪታንያዊው አ. ቲ. ከርል በኢትዮጵያና በቀድሞው የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ወሰን ግራና ቀኝ የሚገኙ የፈራረሱ የመካከለኛው ዘመን የእስልምና ከተሞችን መዝግቦ እ.ኤ.አ. በ1937 ስለእነርሱ ጽፏል። ከእነዚህ ከተሞች የቀሩት በአብዛኛው ዝቅ ያሉ የድንጋይ ግንቦችና መቃብሮች ናቸው። ለካሜራ እንደ ዳካታ ቋጥኞች ወዲያው ዓይን የሚስቡ አይደሉም፤ ጉዳት የሚደርስባቸው ግን በቀላሉ ነው።

ስለ ፈቃድ

በመንገድ ዳር ቆሞ ለግል ማስታወሻ ፎቶግራፍ ማንሣትና ለንግድ፣ ለማስታወቂያ፣ ለፊልም ወይም ለጥናት መቅረጽ አንድ ዓይነት ጉዳይ አይደሉም። ለኋለኞቹ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንንና የክልሉን የባህልና ቱሪዝም ቢሮ መጠየቅ ይገባል። የዳካታ ሸለቆ የሚገኘው በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ አካባቢ በመሆኑ፣ የሚቀረጸው ቦታ በየትኛው ክልል ሥር እንደሆነ አስቀድሞ ማረጋገጥ ከቢሮ ወደ ቢሮ መመላለስን ያስቀራል። ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ከሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል። በካራማራ ተራራ መተላለፊያና በድንበር ከተሞች የጸጥታ ተቋማትን፣ ኬላዎችንና ወታደራዊ ስፍራዎችን መቅረጽ አይፈቀድም፤ ተራራው ራሱ ውብ ቢሆንም ሌንሱ ወደየት እንደዞረ ማስተዋል ያስፈልጋል።

መቃብርና የዝያራ ስፍራ ባለበት ሁሉ የአካባቢውን ሽማግሌዎችና የስፍራውን ጠባቂዎች ማስፈቀድ ይገባል። ሰዎችን በተለይም ሴቶችን ያለ ፈቃዳቸው መቅረጽ ተገቢ አይደለም።

ስለ ቀረጻ

የጨፈገገ ስሜት ያለው ፎቶግራፍ የሚገኘው በአመዛኙ ከሰማዩ ነው። በአካባቢው ደመና የሚበዛው «ጉ» በሚባለው የበልግ ዝናብና «ከረን» በሚባለው የክረምት ዝናብ ወቅት ነው። «ጅላል» በሚባለው ደረቅ ወቅት ደግሞ ሰማዩ ባዶ ቢሆንም፣ ንፋስ የሚያነሣው አቧራ በማለዳ የሩቁን ኮረብታ ከቅርቡ ይለየዋል። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የንጋትና የምሽት ወገግታ አጭር ነው፤ ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ቦታውን መርጦ ትራይፖዱን ተክሎ መጠበቅ ይኖርበታል።

በተደራረቡ ቋጥኞች ዋናው ነገር ሁለቱ ድንጋዮች የሚገናኙበት ነጥብ ነው። ዝቅ ብሎ በመቆም ከላይኛው ቋጥኝ ሥር ሰማይ እንዲታይ ማድረግ ክብደቱን ያጎላል። ሰፊ ማዕዘን ያለውን ሌንስ አስጠግቶ መጠቀም ግን ቀጥ ያለውን ድንጋይ ያዘመመ ያስመስለዋል፤ ትንሽ ርቆ በረዘመ ሌንስ መቅረጽ ይሻላል። ለመጠን ማነጻጸሪያ ሰው ማስገባት የሚቻለው ከቋጥኙ አጠገብ መሬት ላይ በማቆም ነው። በቋጥኙ ላይ መውጣት፣ ትናንሽ ድንጋዮችን ለቅንብር ማንቀሳቀስ፣ ጽሑፍ መጻፍ ፈጽሞ የተከለከሉ ናቸው ብሎ መቁጠር ያስፈልጋል። ከፍርስራሽ ግንብ የተነሣ አንድ ድንጋይ ለአጥኚው የጠፋ መረጃ ነው።

ዝቅ ላሉ ግንቦችና ለተቀረጹ ድንጋዮች በጎን የሚመጣ ብርሃን አስፈላጊ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የጢያ ትክል ድንጋይ ላይም ይታያል፤ በእኩለ ቀን የሚደበዝዙት ቅርጾች በማለዳ ጥላ ጎልተው ይወጣሉ። ቅርጽን ለማጉላት ውኃ ማፍሰስ ወይም በጠመኔ ማቅለም ግን ጉዳት ያስከትላል።

በቀረጻ ጊዜ ማንም ሰው የተቀበረ ዕቃ፣ ሳንቲም ወይም የሸክላ ስባሪ ቢያገኝ ከቦታው ሳያነሣ ማሳወቅ እንዳለበት መታወቅ አለበት፤ በአጋጣሚ ስለሚገኝ ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ተደንግጓል። ጥበቃ የሌላቸውን ፍርስራሾች ፎቶግራፍ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲያጋሩም ትክክለኛውን የመገኛ ነጥብ ከፋይሉ ማጥፋት ይመከራል፤ ሕገወጥ ቆፋሪዎችም ካርታ ማንበብ ይችላሉ።

ስለ እርማት

በሮው ፋይል መቅረጽ በእርማት ጊዜ ሰፊ ነፃነት ይሰጣል። በመጀመሪያ የሰማዩ ብሩህ ክፍል ዝርዝሩን እንዳያጣ አጠቃላይ ብርሃኑን መቀነስ፣ ቀጥሎም በድንጋዩ ላይ ብቻ ጥላውን በመጠኑ ማንሣት ጥሩ ውጤት ያስገኛል። ጥላን ሙሉ በሙሉ ወደ ጥቁር ማውረድ የድንጋዩን ገጽ፣ ስንጥቁንና በላዩ የበቀለውን ሽበት ይሰውራል። የግራናይቱ ቀለም ወደ ቀይ የሚያደላ ስለሆነ ምስሉን በሙሉ ወደ ሰማያዊ ማቀዝቀዝ ስፍራውን የሌላ አገር ያስመስለዋል፤ ስሜቱን ለማጨፍገግ ቀለሙን ጥቂት ማደብዘዝ ወይም ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ የተሻለ ነው።

ከሌላ ፎቶግራፍ ተቆርጦ የተለጠፈ ጥቁር ደመና በብዛት ይታያል፤ ብዙ ጊዜም የድንጋዩ ጥላ ወደ አንድ ወገን፣ የደመናው ብርሃን ወደ ሌላ ወገን ሆኖ ያጋልጠዋል። ለሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ እንዲህ ያለው ሥራ ከተገለጸ ችግር የለውም። ለቅርስ ምዝገባ፣ ለጥናት ወይም ለጉዳት ሪፖርት በሚቀርብ ምስል ላይ ግን ምንም ነገር መጨመርም ሆነ ማጥፋት አይገባም፤ ያልታረመው ፋይል ከቀረጻው ቀንና ከመለኪያ ጋር አብሮ ሊቀርብ ይገባል። ከዓመታት በኋላ ድንጋዩ መንሸራተቱ ወይም መሰንጠቁ የሚታወቀው በእንዲህ ዓይነቱ ምስል ነው።

ስለ ባለቤትነት

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የፎቶግራፍ ሥራ የኢኮኖሚ መብት ሥራው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመታት ይጠበቃል። ይሁን እንጂ ፎቶግራፉ ጥበቃ የሚያገኘው የስብስብ ሥራ አካል ሲሆን፣ በመጽሐፍ ሲታተም ወይም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ ሲይዝ ነው። ስለዚህ ነጠላ ፎቶግራፍ የሚያጋሩ ዜጎች ስማቸውንና አድራሻቸውን በምስሉ ላይ ቢያሰፍሩ ይመከራል። ዝርዝር መረጃ ከኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማግኘት ይቻላል።