መንግሥቱ ወርቁ፦ 4ኛዋን ጎል ያገባው የጎንደር ልጅ

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፤ ጥምቀት ካለፈ ገና 2 ቀኑ ነው። የአዲስ አበባ ስታዲየም ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ለአፍሪካ ዋንጫ የሚፋለሙት ኢትዮጵያና ግብፅ ናቸው። ግብፅ በ1949 ካርቱም ላይ፣ በ1951 ደግሞ ካይሮ ላይ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 ረትታ ዋንጫውን ወስዳለች። ስለዚህ ጨዋታው የብድር መመለሻ ጭምር ነበር።

ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ። መጀመሪያ ግርማ ተክሌ፣ ቀጥሎም አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረጉ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ 3ኛዋን አከለ። ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ በ20ዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ የነበረው ወጣት መንግሥቱ ወርቁ 4ኛዋን አስቆጥሮ ነገሩን ቆረጠው፤ 4 ለ 2! ሉቺያኖም ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

ጎንደር የተወለደው መንግሥቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ልጅ ነበር። ያን ጊዜ ኳስ እንጀራ አያበላም፤ የሚጫወቱት ለማልያውና ለሀገር ፍቅር ነው። እሱ ግን በአፍሪካ ዋንጫ ውድድሮች 10 ጎል አግብቷል። በ1974 ሊቢያ ላይ በተደረገው ውድድር ደግሞ ብሔራዊ ቡድኑን በአሠልጣኝነት መርቷል። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ወደዚህ መድረክ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጅቶባታል፤ ዋንጫውንም ዳግም አላገኘችውም።

መንግሥቱ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ዐረፈ። በፌርፋክስና በፒኮ ሮበርትሰን የሚያድጉ ልጆች የባዕድ ኳስ ተጫዋቾችን ስም በቃላቸው ይወጡታል። ወላጆች ቡናው ሲፈላ የመንግሥቱንም ስም ቢያነሡላቸው መልካም ነው። ያልተነገረ ታሪክ ባሕር አይሻገርምና።