ስብ ወይስ ካርቦሃይድሬት? የረጅም ርቀት ሯጮች ነዳጅ ክርክር ከ1920 እስከ ዛሬ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ አንድ የቆየ ክርክር ነው። ረጅም ርቀት የሚሮጥ ሰው ጡንቻው የሚሠራው በስብ ነው ወይስ በካርቦሃይድሬት? ጥያቄው በቅርብ ዓመታት ዳግመኛ ሲነሣ ብዙዎች አዲስ መስሏቸዋል። እኔ ግን የመልሱ ዋና ክፍል ከመቶ ዓመት በፊት እንደ ተገኘና በኋላ የመጣው የላቀ ሥራ ራሱ እንደ ጋረደው ለማሳየት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በጀርመናዊው ኬሚስት በዩስቱስ ሊቢግ ሥልጣን ጸንቶ የቆየው አስተሳሰብ ጡንቻ የሚሠራው ፕሮቲን እያቃጠለ ነው የሚል ነበር። በ1865 አዶልፍ ፊክና ዮሐንስ ቪስሊሴኑስ ፕሮቲን የሌለበት ምግብ እየበሉ በስዊዘርላንድ የሚገኘውን የፋውልሆርን ተራራ ወጡ። ሽንታቸውን አጠራቅመው ናይትሮጅኑን ሲለኩ፣ በሰውነታቸው የተቃጠለው ፕሮቲን ለዚያ አቀበት የሚበቃ ጉልበት ሊሰጥ እንደማይችል ታወቀ። ክርክሩም በስብና በካርቦሃይድሬት መካከል ብቻ ቀረ።

በ1920 የኮፐንሃገኖቹ አውጉስት ክሮግና ዮሐንስ ሊንድሃርድ ነገሩን በትንፋሽ ለኩት። ሰው ካርቦሃይድሬት ብቻ ሲያቃጥል የሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚወስደው ኦክስጅን ጋር እኩል ነው፤ ስብ ብቻ ሲያቃጥል ግን ከኦክስጅኑ ሰባት ዐሥረኛ ያህል ነው። ተሳታፊዎቹን አንዳንዴ ስብ፣ አንዳንዴ ካርቦሃይድሬት የበዛበት ምግብ እያበሉ በቆመ ብስክሌት ላይ አሠሯቸው። ጡንቻ ሁለቱንም ነዳጆች አቀላቅሎ እንደሚጠቀምና ድርሻቸውም ከተበላው ምግብ ጋር እንደሚለዋወጥ ተረዱ። ከዚህ ይልቅ ለእኛ የሚጠቅመው ሁለተኛው ግኝታቸው ነው፤ ያው ሥራ በስብ ሲሠራ ከአንድ ዐሥረኛ በላይ የሆነ ተጨማሪ ጉልበት ያስወጣ ነበር። ተሳታፊዎቹም በስብ ቀናት ሥራው እንደ ከበዳቸው ተናግረዋል። ክሮግ በዚያው ዓመት የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል፤ ሽልማቱ ግን ስለ ቀጫጭን የደም ሥሮች ባደረገው ምርምር እንጂ ስለዚህ ሥራው አልነበረም።

ቀጥሎ ዓይን ሁሉ ወደ ደም ዞረ። በ1924 የቦስተን ሐኪሞች፣ ከእነርሱም ሳሙኤል ሌቪን፣ በከተማቸው ማራቶን የሮጡትን ሰዎች ደም መርምረው የበርካታዎቹ ስኳር እጅግ ዝቅ ብሎ አገኙት፤ እነዚያው ሰዎች ዝለው፣ ገርጥተውና ተደናግረው ነበር ውድድሩን የጨረሱት። በ1925 ሯጮቹ አስቀድመው ካርቦሃይድሬት እንዲበሉና በመንገድ ላይ ከረሜላ እንዲወስዱ ተደረገ፤ የደማቸው ስኳርም ሳይወርድ ቀረ። ይህን ሥራ ከጠቅላላው ታሪክ እጅግ የምወደው ነው፤ የተለካው ውድድሩ ራሱ ነበርና።

ታላቁ ለውጥ የመጣው በ1960ዎቹ ከስቶክሆልም ነው። ዮናስ በርግስትሮም ከሕያው ጡንቻ ናሙና የሚወስድ መርፌ በምርምር ላይ አዋለ። በ1966 እርሱና ኤሪክ ሁልትማን ራሳቸውን መመርመሪያ አድርገው በአንድ ብስክሌት ላይ ግራና ቀኝ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው በአንድ እግር ብቻ እስኪዝሉ ድረስ ረገጡ። ከዚያም ሦስት ቀን ካርቦሃይድሬት በሉ። በሠራው እግር የተከማቸው ግላይኮጅን ካረፈው እግር በእጥፍ ገደማ በለጠ። በቀጣዩ ዓመት ከላርስ ሄርማንሰንና ከቤንግት ሳልቲን ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ ዓይነት ጫና ብስክሌት የረገጡ ዘጠኝ ሰዎች ስብና ፕሮቲን ሲበሉ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ቅይጥ ሲበሉ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ካርቦሃይድሬት ሲበሉ ሦስት ሰዓት ገደማ ቆዩ። እንግሊዛዊው ሮን ሂል ትምህርቱን ወደ አደባባይ አውጥቶ በ1969 በአቴንስ የአውሮፓ ማራቶን ሻምፒዮን ሆነ።

አበበ ቢቂላ ግን ይህ ሁሉ ሳይታወቅ በሮምና በቶኪዮ ሁለቴ አሸንፎ ነበር። የምሥራቅ አፍሪካ ሯጮች ማዕድ በወጉ የተለካው ከዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው። በ2011 በታተመ ጥናት የዐሥር ታላላቅ ኢትዮጵያውያን ሯጮች ምግብ 64 በመቶ ገደማ ካርቦሃይድሬት፣ 23 በመቶ ገደማ ስብ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን እንጀራ ሻምፒዮን ያደርጋል ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው፤ ሯጮቹ የበሉት አገራቸው የምታበላውን ነው።

አሁን ወደ መጋረጃው እንምጣ። የስቶክሆልም ሥራ በብዙዎች አእምሮ የጡንቻን ድካም የነዳጅ በርሜል ማለቅ አድርጎ ሣለው። ድካም የበርሜል ማለቅ ከሆነ ደግሞ ትልቁን በርሜል መምረጥ ብልህነት ይመስላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ቀጭን ሯጭ 6 ኪሎ ስብ ቢኖረው ከ50,000 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይዟል፤ ማራቶን የሚጠይቀው ግን 2,500 ገደማ ነው። ስለዚህ የስብ አመጋገብ ጠበቆች የስቶክሆልም ተቃዋሚዎች መስለው ቢታዩም፣ በእኔ አስተያየት የዚያው ሐሳብ ልጆች ናቸው። በ1983 ስቲቨን ፊኒ አምስት ብስክሌተኞችን ለአራት ሳምንታት ካርቦሃይድሬት ከሞላ ጎደል ሲነፍጋቸው የቆዩበት ጊዜ በአማካይ አልቀነሰም፤ 147 ደቂቃ የነበረው 151 ሆነ። የተለካው ግን በመጠነኛ ጫና ምን ያህል እንደሚቆዩ እንጂ ምን ያህል እንደሚፈጥኑ አልነበረም።

የማራቶን ተወዳዳሪ ችግሩ ሌላ ነው። ልቡና ሳንባው በደቂቃ የሚያደርሱት ኦክስጅን ልክ አለው። አንድ ሊትር ኦክስጅን ካርቦሃይድሬትን ሲያቃጥል 5 ኪሎ ካሎሪ ገደማ፣ ስብን ሲያቃጥል 4.7 ገደማ ይሰጣል። በ2017 ሉዊዝ በርክና ባልደረቦቿ በአውስትራሊያ ታላላቅ የእርምጃ ተወዳዳሪዎችን ለሦስት ሳምንታት በተለያየ ማዕድ አሠለጠኑ። ስብ የበሉት ስብ የማቃጠል አቅማቸው እጅግ ጨመረ፤ ሆኖም በያው ፍጥነት ለመሄድ የሚፈጁት ኦክስጅንም ጨመረ። ካርቦሃይድሬት የበሉት በ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ከ6 በመቶ በላይ ሲሻሻሉ፣ ስብ የበሉት አልተሻሻሉም። የክሮግና የሊንድሃርድ ተጨማሪ ወጪ ከ97 ዓመት በኋላ በውድድር ሰዓት ላይ ተነበበ።

ይህ ፍርድ የሚጸናው ኦክስጅን ወሰን በሚሆንበት ፍጥነት ነው። 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በዝግታ ለሚሮጥ ሰው ሌላ ሒሳብ አለ፤ በ2016 የታተመው የጄፍ ቮሌክ ጥናት ለረጅም ጊዜ ስብ የለመዱ እንዲህ ያሉ ሯጮች በደቂቃ 1.5 ግራም ገደማ ስብ እንደሚያቃጥሉ አሳይቷል፤ ካርቦሃይድሬት ከለመዱት ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ያ ጥናት ግን የለካው ጡንቻቸው የሚያቃጥለውን ነዳጅ እንጂ በውድድር ማን ቀድሞ እንደሚደርስ አይደለም።