«ካቻቢቴ» ከየት መጣ?

ማሽን የሚጠግን ሰው ሲያወራ ልብ ብላችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «ካቻቢቴውን አቀብለኝ። ቡሎኑን ፍታ። ኩሽኔታው ተበልቷል። ቺንጋው ላልቷል።» የዕቃዎቹን ስም አንድ በአንድ እዩት፤ ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። ግሱን ደግሞ እዩት፦ አቀብለኝ፣ ፍታ፣ ተበልቷል፣ ላልቷል። ሁሉም የራሳችን ነው። ዕቃው ከውጭ መጣ፣ ሥራውን ግን እኛ ሠራነው። የጥገና ታሪካችን በመጽሐፍ ብዙም አልተጻፈም፤ በመካኒኮች አፍ ላይ ግን አለ።

ከጣሊያን በፊት እንጀምር። በምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ፣ ሰርኪስ ተርዚያን የሚባል አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ወደ አዲስ አበባ አስመጣ። ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ልብ በሉ፣ የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። ሐዲድ ሳይኖር «ባቡር» ከየት መጣ? ቃሉ መነሻው እንፋሎት ማለት ነው፤ ከአውሮፓ ቋንቋ ተነስቶ በዓረብኛ በኩል ነው የደረሰን። ገጠር ውስጥ የሞተር ወፍጮን «ባቡር» ሲሉ ሰምታችሁ ስቃችሁ ከሆነ፣ እነሱ አልተሳሳቱም።

ሁለተኛው ምዕራፍ ከ1928 እስከ 1933 ያለው ወረራ ነው። የአራዳ ገበያ ከጊዮርጊስ አጠገብ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ሄደ፣ መርካቶ ተባለ። አራዳ መሀሉ ፒያሳ ሆነ። ጋራዡና ወርክሾፑም በዛ። ፋሺስቱ ግን ሐበሻን ባለሙያ ለማድረግ አልመጣም፤ ሕጉ በዘር የሚለይ ነበር። አበሻው ዕቃ እያቀበለ፣ ዘይት እየጠረገ፣ በጆሮው ስም ያዘ፣ በዓይኑ ሥራ ሰረቀ። ነፃነት ሲመለስ እንግሊዞች ጣሊያኖቹን ከአገር ለማስወጣት ፈለጉ፤ ንጉሡ ደግሞ ባለሙያዎቹ እንዲቀሩ ፈለጉ። ብዙዎችም ቀሩ፤ ረዳቶቻቸውም መካኒክ ሆኑ። ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1934 ነው፤ ቃላቱ ግን ከዚያ በፊት ሥር ሰደው ነበር።

ታዲያ የተማርነው ስም ብቻ ነው? አይደለም። አንድ ቀን አራዳ ውስጥ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የሚከትፍ ማሽን ሲጠገን ቆሜ አየሁ። ባለቤቱ «እንጨት አልጎርስ አለ፣ ስለቱን ሞርድልኝ» ብሎ ነው ያመጣው። መካኒኩ ወደ ስለቱ አልቸኮለም። መጀመሪያ ሞተሩን አጠፋ፣ የካንዴላውን ገመድ ነቀለ፤ እጁ ውስጥ እያለ እንዳይነሳበት። ከዚያ ማሽኑ የተፋውን ፍርፋሪ አፈሰና አየው። ስለቱ ጤነኛ ሲሆን ፍርፋሪው ወጥ ነው። ይሄኛው ግን የተተለተለና ዱቄት የበዛበት ነበር። ያ ማለት ወይ ስለቱ ዶልዱሟል፣ ወይ በስለቱና በማረፊያው ብረት መሀል ያለው ክፍተት ሰፍቷል።

ቀጥሎ ቺንጋውን በአውራ ጣቱ ተጫነው። ቺንጋ ሲላላ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ስለቱ በደንብ አይዞርም፣ የተቃጠለ ጎማም ይሸታል። እሱ ደህና ነበር። በመጨረሻ ስለቱን የተሸከመውን ዘንግ ይዞ ወደ ጎንና ወደ ጎን ነቀነቀው፤ ተወዛወዘ። ኩሽኔታው አልቋል! ዘንጉ ስለተወዛወዘ ስለቱ ከማረፊያው ራቀ፣ እንጨቱን መቁረጥ ትቶ ማኘክ ጀመረ። ስለቱን ሞርዶ ቢሰጠው ኖሮ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣ ነበር።

እኔ ክፍል ውስጥ የታሪክ መረጃ እንዴት እንደሚመረመር ለማስረዳት ስንት ሰዓት እፈጃለሁ መሰላችሁ! የሚታየው ምልክት ምክንያቱ ላይሆን ይችላል፤ ባለጉዳዩ የነገረህን ስማ ግን አጣራ፤ አንዱን ጥርጣሬ ሳትዘጋ ወደ ሌላው አትሂድ። ሰውየው ይህን ሁሉ በሃያ ደቂቃ አሳየኝ። እኛ ግን ልጆቻችንን «ካልተማርክ መካኒክ ትሆናለህ» እያልን እናስፈራራለን።

በ2016 ዓ.ም የፒያሳና የአራዳ ብዙ ቤቶች ፈረሱ፣ ሰውም ወደየአቅጣጫው ሄደ። ማሽን ተጭኖ ይሄዳል። ጌታው ከረዳቱ ሲለያይ ግን ሥራው የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል፤ ይሄ ሙያ የተላለፈው አጠገብ በመቆም ነውና።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ፤ ማርክ የለውም። ሰፈራችሁ ያለ አንድ አንጋፋ መካኒክ ጋ ሂዱ። ሻይ ጋብዙት። የዕቃዎቹን ስም፣ ከማን እንደተማረ፣ ብልሽትን በምን እንደሚለይ ጠይቁና በደብተር ጻፉ። ከዚያ ለኔም ላኩልኝ። እኔ በ«ካቻቢቴ» ጀምሬያለሁ።