የመጀመሪያዋ የሕዝብ ተመራጭ እና የብድር ቅጻችን ሦስተኛ መስመር



ባለፈው የካቲት የብድር መጠየቂያ ቅጾቻችንን ስናመሳክር አንድ ነገር አስተዋልን። ሦስተኛው መስመር «የቤተሰቡ ኃላፊ (ባል) ስም» ይላል። ባለቤቷ ሳውዲ ከሄደ ዓመታት ያለፉት አንዲት አባላችን እዚያ ላይ የራሷን ስም ጽፋለች። እኛም ተሳስተሻል ብለን ቅጹን መለስንላት። እርሷ ግን «ታዲያ ማሽላውን የሚያሳጭደው፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚልከው ማን ሆነና ነው?» አለችን። መልስ አጣን። መስመሩን ማን እንዳስገባው ስንጠይቅ ከሌላ ቅጽ ላይ የተገለበጠ ነው ተባልን። የቃሉን ሥር ፍለጋ ወደ ኋላ ስንሄድ ከወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ዘመን ላይ ደረስን።

ወይዘሮ ስንዱ የተወለዱት በ1908 ዓ.ም ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የተማሩ ሰው ነበሩ፤ ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ እንኳ በሚያስገርምበት በዚያ ጊዜ ልጃቸውን ስዊዘርላንድ ድረስ ልከው አስተማሩ። ወይዘሮ ስንዱ ተመልሰው ማስተማር እንደጀመሩ ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን ወረረ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም ማይጨው ላይ፣ ማለትም ከእኛ ቆላ ራስጌ፣ የሆነውን አያቶቻችን ነግረውናል። ወይዘሮ ስንዱ ግን በምዕራብ በኩል ነበሩ፤ ጎሬ ላይ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈው፣ በኋላ ተማርከው ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ ወደ ትምህርት ሥራቸው ተመለሱ። ደሴም መጥተው ሠርተዋል፤ ደሴ ለእኛ ከቆቦ ማልዶ የተሳፈረ ለምሳ የሚደርስባት ከተማ ናትና ይህን ስናውቅ ደስ ብሎናል። ቀጥሎም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን በኃላፊነት መሩ። ተውኔት ጽፈዋል፤ «የልቤ መጽሐፍ» የተሰኘው መጽሐፋቸውም የታወቀ ነው።

በ1948 ዓ.ም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ፈቀደ። ከዚያ በፊት የምክር ቤት ሰው የሚሆነው በሹመት ወይም በመኳንንቱ ምርጫ ነበር። በመስከረም 1950 ዓ.ም የመጀመሪያው ምርጫ ሲካሄድ ወይዘሮ ስንዱ ከአዲስ አበባ ተወዳድረው አሸነፉ፤ በኢትዮጵያ ታሪክ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደርሰዋል።

እዚህ ላይ የሒሳብ ሰው ዓይናችን አንድ ነገር ላይ ቆመ። ሕገ መንግሥቱ ተወዳዳሪው በሚወዳደርበት ወረዳ ንብረት ያለው እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። ሴት መመረጥ ትችላለች ተብሎ ተጽፏል፤ ነገር ግን በስሟ ንብረት የነበራት ሴት ስንት ነበረች? በራሳችን አያቶች ብንቆጥር ከጣት አያልፉም።

ምክር ቤቱም ጉልበቱ ውስን ነበር። ፓርቲ የለም፤ የላይኛው ምክር ቤት አባላት በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ነበሩ፤ ሕግም ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ አይጸናም።

ወይዘሮ ስንዱ በዚያ ምክር ቤት የመጀመሪያ ዘመን ላይ እያሉ፣ በ1952 ዓ.ም፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወጣ። አንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ነው፣ ሚስትም ሕጋዊ በሆነው ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል ይላል። የመኖሪያ ቦታ መምረጥም የጋራ ንብረትን ማስተዳደርም ለባል ተሰጠ። እንግዲህ አስቡት፤ ሴት ወንዶች በሞሉበት የአገር ሸንጎ በምክትልነት ትቀመጣለች፣ ቤቷ ስትገባ ግን ሕጉ ታዘዥ ይላታል። የቅጻችን ሦስተኛ መስመር ከዚህ አንቀጽ የወረደ ነው።

ወይዘሮ ስንዱ ከዚያ በኋላ በጀርመን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ሠሩ፤ በ2001 ዓ.ም በ93 ዓመታቸው አረፉ። አንቀጹ ንጉሡንም ደርግንም አሳልፎ አርባ ዓመት ቆየ። የተሻረው በ1992 ዓ.ም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሲወጣ ነው፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለዚህ ብዙ ደክሟል። ያ የፌዴራል ሕግ ግን አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ እንጂ ቆቦ አይደርስም ነበር። እኛ ዘንድ የደረሰው የአማራ ክልል ምክር ቤት በ1995 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 79ን ሲያጸድቅ ነው። ስለ ክልል ምክር ቤት ሲወራ «ምን አገባን» የምንል ካለን ይህችን ቀን እናስታውስ። የመሬት ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን የሰፈረውም በክልሉ የመሬት ሕግ ነው። ባሏ የሞተባት አባላችን ደብተሩን በፌስታል ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ የምታኖረው ያለ ምክንያት አይደለም።

የእኛ ቅጽ ግን ሕጉ ከተሻረ በኋላም የተሻረውን ሕግ ሲያሠራ ኖሯል። በዚህ ላይ ለደጋፊዎቻችን ማሳወቅ ያለብን ነገር አለ። በሪፖርታችን «በሴት የሚመሩ ቤተሰቦች» ብለን የምንልከውን ቁጥር የምንለቅመው ከዚሁ ከሦስተኛው መስመር ነው። ስለዚህ የተቆጠሩት ባሎቻቸው የሞቱባቸውና የፈቱ ብቻ ናቸው፤ ባሎቻቸው ስደት ላይ ሆነው ቤቱን ብቻቸውን የያዙት ሁሉ በወንድ የሚመራ ተብለው ገብተዋል። ቁጥሩ የጎደለው በእኛ ጥፋት ነውና ይቅርታ እንጠይቃለን። ያለፉትን መዝገቦች አንድ በአንድ እያየን ነው፤ የታረመው ቁጥር ከሚቀጥለው ሪፖርት ጋር ይላካል።

ለጠቅላላ ጉባኤው ያቀረብነው ሐሳብ መስመሩ «የትዳር ጓደኛ ስም (ካለ)» ተብሎ እንዲለወጥ፣ ከሥሩም «ቤቱን አሁን የሚያስተዳድረው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ እንዲጨመር ነው። አንዳንድ እናቶች «ባሎቻችን ብድሩን ከጀርባችን ወሰዳችሁ ይሉናል» ብለው ሠግተዋል። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ ግን ከፍ ላለ ብድር የሁለቱ ስምምነት መጠየቁ አይቀርም። እርሱን ሕጉ ከባልም ከሚስትም እኩል የሚፈልገው ነው፣ የስምምነት ፊርማውም በቅጹ መጨረሻ እንዳለ ይቆያል። ድምፅ የሚሰጠው በጉባኤው ዕለት እጅ በማውጣት ነው።

ያቺ አባላችን ቅጿን በዚህ ሳምንት እንደገና ሞልታ አመጣች። ሦስተኛው መስመር ላይ አሁንም የራሷ ስም ነው። ተቀብለን መዝግበናል።