የጂፒኤስ ፎረንሲክ ሶፍትዌር አመራረጥ

የጂፒኤስ ፎረንሲክ ሶፍትዌር ከጂፒኤስ መሣሪያ የጉዞ መስመርና የተመዘገቡ ነጥቦችን አውጥቶ ለመመርመር የሚያገለግል ፕሮግራም ነው። እንደ ሴለብራይት ያሉ የንግድ ምርቶች ፈቃዳቸው ውድ ነው፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው። በአዘና ከተማ ለመሬት ልኬታ የሚያዝ የጋርሚን መሣሪያ ቢመረመር ግን ነጻ ፕሮግራሞች በአብዛኛው ይበቃሉ። ኤፍቲኬ ኢሜጀር ቅጂና ቅጂው አለመለወጡን የሚያሳይ የሃሽ ቁጥር ያዘጋጃል፤ አውቶፕሲ ቅጂውን ይተነትናል፤ ጂፒኤስቤብል የፋይል ዓይነት ይለውጣል። የመኪና መከታተያ ከሆነ መረጃው በብዛት ያለው በአገልግሎት ሰጪው ሰርቨር ላይ ስለሆነ ሶፍትዌር ከመግዛት በፊት ሕጋዊ ትእዛዝ መጠየቅ ይሻላል።

ዋናው የመምረጫ መስፈርት ዋጋ ሳይሆን ውጤቱን በሌላ ፕሮግራም ደግሞ ማረጋገጥ መቻሉ ነው። ይህም ማስረጃው በፍርድ ቤት እንዲታመን ይረዳል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ስለ ኤሌክትሮኒክ ማስረጃ ተቀባይነትና እውነተኛነት ይደነግጋል።

ሰዓትና ካርታ ብዙ ያሳስታሉ። መሣሪያው የሚመዘግበው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፤ 06፡00 ቢል በኢትዮጵያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። በአዲንዳን የካርታ መነሻ ሥርዓት (ዳተም) የተሠራ የቆየ ካርታም መሣሪያው ከሚጠቀምበት ደብሊውጂኤስ 84 ዳተም ጋር ሳይቀየር ቢነጻጸር ነጥቡን ከ100 ሜትር በላይ ያዛንፈዋል። በድንበር ክርክር ይህ መዛነፍ የሌላ ሰው ማሳ ውስጥ መግባት ማለት ሊሆን ይችላል።