ቁጥሮቹን ማን ይንገረው?

ዲላ እህቴ ቤት ነኝ። ልጇ አሮጌ ኮምፒውተርና አቧራ የጠጣ ጆይስቲክ አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄ የት ነው የሚሰካው?» አለኝ። ዩኤስቢ ለለመደ ልጅ እውነትም ግራ ነው።

አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ፒሲውን ሲያወጣ፣ ባለ 15 ቀዳዳ የጆይስቲክ መሰኪያ ያለው ካርድ ለብቻው ይሸጥ ነበር። የሲንጋፖሩ ክሪኤቲቭ በ1989 ባወጣው ሳውንድ ብላስተር የድምፅ ካርድ ላይ ያንኑ መሰኪያ ጨመረበት። ድምፅና ጨዋታ በአንድ ካርድ ተጋቡ ማለት ነው።

መሰካት ብቻውን ግን አይበቃም። የዶስ ጨዋታ ይጠይቅሃል፦ አድራሻ 220፣ አይአርኪው 5 ወይም 7፣ ዲኤምኤ 1። አንዷን ከሳትክ ጥይቱ ይተኮሳል፣ ድምፁ የለም። ጆይስቲኩንም ወደ አራቱም ማዕዘን ገፍተህ ልኩን ካላሳየኸው አውሮፕላኑ ብቻውን ይዞራል።

ይህንን የተማርነው ከመጽሐፍ አይደለም፤ አንዱ ለአንዱ እየነገረው እንጂ። ነጋሪው ሲጠፋስ? ከዲላ ሳንርቅ የቱቱ ፈላን ትክል ድንጋዮች እንይ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ድንጋዮቹን ያቆሙት ሰዎች ግን አንድም ጽሑፍ አልተዉልንም።

ማታ ላይ ድምፁ መጣ፤ ልጁ ጮኸ። እኔም ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፌ በሣጥኑ ክዳን ውስጥ ለጠፍኩለት።